መዛግ ትጥቅ መፍታት አይደለም

የንባብ ክፍል፦ ማቴዎስ 6፥19-21፤ ሕዝቅኤል 24፥1-14፤ ዕብራውያን 12፥14-15



ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ለሚኖር ሰው ስለ ዝገት ማስተማር አያስፈልግም። ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው ያስተምረዋል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ የከረመው ቆርቆሮ መጀመሪያ በምስማሩ ዙሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ይበሳል፤ በመጨረሻም አልጋው ከቦታው ተነሥቶ ባልዲ ይቀመጥበታል። ጥቂት ወደ መርካቶ ወጣ ያለ ደግሞ ምናለሽ ተራን ያገኛል። እዚያ ሰው የጣለው ብረት ተሰብስቦና ተቀጥቅጦ፣ ዝገቱም ተፍቆ እንደገና ምድጃ ይሆናል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ብልና ዝገት ስለሚያጠፉት መዝገብ ሲናገር፣ ምሳሌው ለእኛ ሰፈር ሰው ሩቅ አይደለም።

እዚያ «ዝገት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ብሮሲስ» ነው። ቀጥተኛ ትርጉሙ «መብላት» ነው። ዝገት ይበላል። ያዕቆብ ደግሞ በምዕራፍ 5 ቁጥር 3 ስለ ዛገ ወርቅና ብር ሲናገር «ኢዮስ» የሚል ሌላ ቃል ይጠቀማል። ይህንኑ ቃል በምዕራፍ 3 ቁጥር 8 ስለ ምላስ ሲናገር ተጠቅሞበታል፤ በዚያ ግን የተተረጎመው «መርዝ» ተብሎ ነው። የሚበላና የሚመርዝ፣ ድምፅም የማያሰማ ነገር፤ ሐዋርያቱ ዝገትን ያዩት እንዲህ ነበር።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ተቀመጠ ጠመንጃ ዝገት ነው። አንዳንዶቻችሁ «የወንጌል አገልጋይን ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ያገናኘን የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። ለጸሎት በገባንባቸው ቤቶች አልጋ ሥር ያለውን ሣጥን ስንት ጊዜ አይተናል! ባለቤቶቹም ስለ ሣጥኑ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ጠመንጃ በቤታችን

ጠመንጃ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው፤ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ በልጅግ። «ፉዚል ግራ» የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ የአባቶቻችን አንደበት «ውጅግራ» አድርጎ የራሱ አደረገው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከጣሊያን ጦር የተማረከው መሣሪያ በየቤቱና በየግምጃ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ የአምስቱ ዓመት ወረራ መጣ፤ ከዚያም የአሜሪካ ርዳታ ዘመን። በግንቦት 1983 ደግሞ የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወታደሩ መሣሪያውን እየጣለ ሲሄድ ያየን ሰዎች አሁንም በሕይወት አለን። አባት ለልጁ ከርስቱ ጋር ጠመንጃ ያወርስ ነበር። በገጠሩ ዛሬም ጠመንጃ የወንድ ልጅ ጌጥ ተብሎ የሚታይበት ብዙ ቦታ አለ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ውስጥ ለአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ሥሪቶች ይገኙባቸዋል። የገዟቸው ሰዎች በመጀመሪያ ያገኙት የአሥርት ዓመታት አቧራ፣ እንደ ሙጫ የደረቀ ቅባትና ዝገት ነው። ያንን ለማስለቀቅ ቀናት ይወስድባቸዋል። ከዝገቱ ሥር አንዳንዱ ደኅና ብረት ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ግን ውስጡ ተቦርቡሮ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ የሚሆን ነው። አንድ ዘመን መንግሥታት የተፈራሩበት መሣሪያ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የአባት ወይም የባል ጠመንጃ ቤቱ የቀረ ሰው ጉዳዩን ለፖሊስ አሳውቆ በሕጉ መሠረት ሊፈጽም ይገባል። ይህን የምንለው በኋላ የምንናገረው ምሳሌ ማንንም እንዳያሳስት ነው።

አልጋ ሥር ያለው ሣጥን

ከጊዜ በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋር ሆነን እዚሁ ሰፈራችን ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ሄድን። ታሪኩን የምንጽፈው በእሳቸው ፈቃድ ነው። «እማማ» እንላቸዋለን። ባለቤታቸው ወደ ጌታ ከተሰበሰቡ ዓመታት አልፈዋል። ቤቱ ለልማት ሊፈርስ ስለ ነበር ዕቃ እየተሸከፈ ነው። በሕጋዊ ፈቃድ በባለቤታቸው ስም የተያዘ አንድ ምንሽር አልጋ ሥር በእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። እማማ ለፖሊስ ለማስረከብ ቆርጠዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ሣጥኑ በምስክር ፊት እንዲከፈት ፈለጉ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው «ጠመንጃውን እሱ ሊወስደው ነው» እየተባባሉ ሲጠራጠሩ ኖረዋል።

ልጆቹ ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ጠቡ የጀመረው በአባታቸው ሕመም ጊዜ፣ ለሕክምና ማን ከፈለ፣ ማን ሸሸ በሚል ነው። ሁለቱም በየቤተ ክርስቲያናቸው ያገለግላሉ። ሁለቱም ይጸልያሉ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉ አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ሰው አይተው ነው።

ከእኛ ጋር ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሣጥኑ ሲወጣ ጋሼ በመጀመሪያ ልጆቹን ወደ ጓሮ አስወጡ። ቀጥሎ አፈሙዙን ማንም ወደሌለበት ግድግዳ አዙረው ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። «ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ነው ሰው የሚገድለው» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው መጠቅለያውን መፍታት የጀመሩት።

ላይኛው አሮጌ ጋቢ ነው። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አለ፤ ከዚያ ሥር ደግሞ የቆዳ ማንገቻው በጠመንጃው ዙሪያ ተጠምጥሟል። እማማ በኩራት «አንድ ቀን አልተነካም፤ እንዲህ ጠቅልዬ ነው ያኖርኩት» አሉ።

ጋሼ ጨርቁን ሲገልጡ ሁላችንም ዝም አልን። ብርቱው ዝገት ያለው መጠቅለያው እጅግ በወፈረበትና ቆዳው በተጠመጠመበት ቦታ ነበር። ከጨርቁ ወጣ ብሎ አየር ያገኘው ጫፍ ይሻላል።

ጋሼ ምክንያቱን አስረዱን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ወጥ ሲሠራ ከሚነሣው ሞቃት እንፋሎት ጋር ሲገናኝ ያልበዋል። ገላጣ ቢሆን ላቡ ይደርቅ ነበር። ጨርቅ ግን እርጥበቱን ይዞ ብረቱ ላይ ያቆየዋል። ቆዳው ደግሞ ከእርጥበቱ ሌላ የተለፋበትን ጨውና ኬሚካል ያቀብለዋል። ብረት፣ ውኃና አየር ከተገናኙ ዝገት ይወለዳል፤ ጨው ከተጨመረበት ይፈጥናል። የወለደው ዝገትም ብረቱን አይሸፍነውም። አልሙኒየም ድስት ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ድስቱን ይጠብቀዋል፤ የብረት ዝገት ግን እያበጠ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ውኃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ አንዴ ከጀመረ በራሱ አይቆምም።

ከዚያ ጋሼ ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ አስጠጉና ከሰደፉ በላይ ያለውን የብረቱን ጎን አሳዩን። የአውራ ጣት አሻራ ነበር። በዝገት የተጻፈ ነው፤ መስመሮቹ እንኳ ይታያሉ። የሰው እጅ ላብ ጨው አለው፤ ሳይወለወል ከተቀመጠ ብረቱ ላይ አሻራው ይዝጋል። እማማ ቀረብ ብለው አዩትና «የእሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ የነካው የለም» አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ዳዊት ለሳኦል ባወጣው ሙሾ (2ኛ ሳሙኤል 1፥21) የወደቀው ጋሻ ዘይት የሚቀባው አጥቶ መቅረቱን ያነሣል። ኢሳይያስም በምዕራፍ 21 ቁጥር 5 መኳንንቱ ጋሻ ዘይት እንዲቀቡ መጠራታቸውን ይጽፋል። በጥንት ዘመን ዘይት ያልተቀባ ጋሻ ባለቤቱ እንደሌለ ይናገር ነበር። ያቺ የአውራ ጣት ምልክትም እንደዚያው ተናገረች።

ወልዋዮችና ጠቅላዮች

በዚያ ቀን ቡና እስኪፈላ ድረስ ጋሼ ሲያወሩን ጠመንጃ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው አሉ። አንደኛው ወልዋይ ነው። በየጊዜው ያወጣዋል፣ ይፈታታዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። ሁለተኛው ጠቅላይ ነው። ሣጥን ውስጥ ይከተውና ይረሳዋል።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ከዚያ ወዲህ በአገልግሎታችን ደጋግመን አግኝተናቸዋል፤ ጠመንጃ ስላላቸው ሳይሆን ቂም ስላላቸው።

የእማማ ታናሽ ልጅ ወልዋይ ነው። የአባቱ የዕረፍት ቀን በመጣ ቁጥር ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ወንድሙ ምን እንዳለው ቃል በቃል ያስታውሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወንድሙ የለበሰውን ሹራብ ሳይቀር ይነግራችኋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቃል አልዛገበትም። ለሚስቱ፣ ለጓደኞቹ፣ ለእኛም እየነገረ ወልውሎታል። በተናገረው ቁጥርም ይበልጥ ይሠራል፤ ይበልጥ ይተኩሳል።

ታላቁ ጠቅላይ ነው። ስለ ጉዳዩ ስንጠይቀው ፈገግ ብሎ «እኔ እኮ ረስቼዋለሁ፤ ለጌታ ትቼዋለሁ፤ ጊዜ ይፈታዋል» አለን። ግን የወንድሙ ስም ሲነሣ ቡናውን ሳይጨርስ ይነሣል። የወንድሙን ልጆች ስም አያውቅም። የረሳ ሰው እንዲህ አይሆንም። ጠቅልሎ አስቀምጦታል እንጂ አልተወውም።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወልዋዩን እንገሥጸዋለን፤ ኃጢአቱ ይታያላ። ጠቅላዩን ግን «ታጋሽ ወንድም» ብለን እናመሰግነዋለን። እዚህ ላይ ጋሼ የነገሩንን ሌላ ነገር ልብ በሉ። አፈሙዙ በዝገት የተቦረቦረ ወይም የተደፈነ ጠመንጃ ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚያጠፋውም የተኳሹን የራሱን ፊትና እጅ ነው። «ሰው የዛገ ጠመንጃ ሲያይ አይፈራም። እኔ ግን ከተወለወለው ይልቅ የዛገውን እፈራለሁ» አሉን።

የዛገ ጠመንጃ ትጥቁን ፈትቷል ማለት አይደለም። ጠመንጃ ነው፤ ያውም የማይታመን ጠመንጃ። ቂምም ዘመን ስለ ቆጠረ ብቻ ይቅርታ አይሆንም። ጊዜ ብቻውን የሚሠራው ዝገትን ነው። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 12 ቁጥር 15 ስለ መራራ ሥር ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው፤ ሥር የሚሠራው ከመሬት በታች፣ ሰው በማያየው ቦታ ነውና። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች (4፥26-27) በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ ሲያዝዝ ምክንያቱን ነግሮናል፤ ያደረ ቁጣ ለዲያብሎስ ቦታ ይሰጣል። ሌሊት ላይ ነው ብረት የሚያልበው።

በጨው ላይ ዘይት

ጋሼ የነገሩን ሌላው ቁም ነገር ስለ ጨው ነው። በድሮ ጊዜ ጥይቱን በሚለኩሰው ቅመም ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ይገባ ነበር። ጥይቱ ሲተኮስ ቅመሙ ጨው ሆኖ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል፤ ጨውም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። አዲስ ምልምል ወታደር ተኩሶ ሲመለስ አፈሙዙን ዘይት በዘይት ያደርገውና ያብለጨልጨዋል። ሰልፍ ላይ ያምራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በዘይቱ ሥር ውስጡ ቀልቶ ይገኛል። ለምን? ጨው በዘይት አይሟሟም። ልምድ ያለው ወታደር በመጀመሪያ ሙቅ ውኃ ያሳልፍበታል፤ ጨውን የሚያወጣው ውኃ ነው። ከዚያ በደንብ ያደርቀዋል። ዘይት የሚቀባው በመጨረሻ ነው።

ወገኖች፣ የእኛ የዕርቅ ስብሰባ ስንት ጊዜ በጨው ላይ የፈሰሰ ዘይት ሆኗል! ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጥቅስ ተጠቅሶ፣ «በሉ ተሳሳሙ» ተብሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ እንለያያለን። ያመመው ነገር ግን በስሙ አልተጠራም። «ይህን አድርገሃል»፣ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» የሚሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አልተባሉም። ከወር በኋላ ዝገቱ ሲወጣ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» እንላለን። በ1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ላይ መንጻት የሚመጣው ኃጢአትን ከመናዘዝ በኋላ ነው። ዳዊትም በመዝሙር 51 ደስታው እንዲመለስለት ከመለመኑ በፊት እንዲታጠብ ነው የለመነው። ውኃው ከዘይቱ ይቀድማል።

የማይወጣው ዝገት

ዝገቱ ስስ ከሆነ መላ አለው። ዘይት በነካው የናስ ብሩሽ ወይም እጅግ በላመ የብረት ሱፍ ቀስ ተብሎ ይፈተጋል። የጠጠረውን ክፍል ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ይረዳል። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ችኩል ሰው ግን ዝገቱን ከነመከላከያ ሽፋኑ ገፎ ብረቱን ዕራቁቱን ይተወዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ከፊተኛው የባሰ ይዝጋል። ተግሣጽም እንዲሁ ነው። እውነቱን ብቻ ይዞ ፍቅሩን ቤት ትቶ የመጣ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ብርቱ ዝገት ግን ከተፈተገም በኋላ ጉድጓዱን ትቶ ይሄዳል። የተበላው ብረት አይመለስም። ይህን ለሁለቱ ወንድማማቾች ሳንሸሽግ ነግረናቸዋል። ዘጠኙ ዓመት አይመለስም። የተወለዱት የወንድም ልጆች አጎታቸውን ሳያውቁ አድገዋል። ይቅርታ ያለፈውን ዘመን እንዳልነበረ አያደርገውም። መብላቱን ያስቆመዋል።

ለመሆኑ ያ ጥቁር የጠመንጃ መልክ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቀለም እንዳይመስላችሁ። የቆዩ ሠሪዎች ንጹሑን ብረት ሆን ብለው በልክ ያዝጉታል። ቀይ ሲሆን ፈልቶ በሚንተከተክ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያስገቡታል። ቀዩ ዝገት በፈላው ውኃ ውስጥ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ይቦረሽና እንደገና ይደገማል። ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ጥቁሩ ሽፋን ብረቱን ይይዘውና ዘይት የሚያቆይለት መከላከያ ይሆንለታል። ሲበላው የነበረው ያው ዝገት በሙቀት ውስጥ አልፎ ጠባቂው ይሆናል።

ይህን ስንሰማ ወደ ሕዝቅኤል 24 ሄድን። የባቢሎን ንጉሥ ኢየሩሳሌምን በከበበበት በዚያው ቀን እግዚአብሔር ለነቢዩ የዛገች ድስት ምሳሌ ሰጠው። ድስቲቱ ደም ያፈሰሰችው ከተማ ናት። ደሙ በአፈር አልተሸፈነም፤ በገላጣ ዓለት ላይ ነው። ብዙ ተደክሞባታል፤ ዝገቷ ግን አልወጣም። ስለዚህ ባዶዋን ፍም ላይ ትቀመጣለች፤ ናሷ እስኪግል፣ ዝገቷም እስኪጠፋ ድረስ። ከባድ ምዕራፍ ነው። ግን ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር እሳት ላይ የሚያስቀምጣት ዝገቷን ሊያጠፋው ነው። እሳቱ የመጣው መፋቅ ባልቻለው ዝገት ላይ ነው።

በመስቀሉ ላይ ጌታ ኢየሱስ ወደዚያ እሳት ገባ። የእኛን ቂም፣ የእኛን ደም፣ በጋቢ የጠቀለልነውን ሁሉ ተሸከመ። ከሙታን ተነሥቶ ሲመጣም የቆሰሉት እጆቹ ምልክታቸው አልጠፋም፤ ቶማስ አየው። ያ ጠባሳ ዛሬ የሚከሰን አይደለም፤ የሚማልድልን ነው። ወንጌሉን ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ክርስትና «ክፉውን እርሳው» የሚል ምክር አይደለም። ክፉውን ሁሉ ስሙን ጠርቶ የተሸከመ ጌታ አለ የሚል ምሥራች ነው።

ማስረከብ

እማማ ጠመንጃውን አስረከቡ። ወረቀቱን ተቀብለው ሲመለሱ «ቤቱ ሰፋኝ» አሉን፤ ሣጥኑ ግን ብዙ ቦታ አልያዘም ነበር። ስለ ልጆቻቸው ዕርቅ ሆነ ብለን ለመጻፍ አንቸኩልም። ታናሹ ደወለ፤ ታላቁ አነሣ። በአንዱ ምሽት ያንን የሆስፒታል ደጃፍ ቃል በእኛ ፊት በስሙ ጠሩት፤ ታላቁም «አዎ፣ ብያለሁ» አለ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ዕቃ በሚወጣበት ቀን አልጋውን ሁለቱ ተያይዘው አወጡት። ብዙ አልተነጋገሩም። እኛም እንጸልያለን፤ ውኃው አልፏል፣ ማድረቅና ዘይት መቀባት ይቀራል።

ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 4 አሕዛብ ሰይፋቸውን ማረሻ የሚያደርጉበትን ቀን ያያል። ሰይፉ እስኪዝግ አይጠብቁም። ዝገት ሰይፍን ሊያጠፋ ይችላል፤ ማረሻ ግን ሊያደርገው አይችልም። ለማረሻነት ብረቱ ወጥቶ፣ ተሰጥቶ፣ እሳት ገብቶ መቀጥቀጥ አለበት። በአገራችን «ትጥቅ መፍታት» የሚለውን ቃል በየዜናው እየሰማን ነው፤ እንዲሆንም እንጸልያለን። ከየቤታችን አልጋ ሥር ካልጀመረ ግን ከየት ይጀምራል?

ደግሞ አንድ ነገር እንዳይረሳ። ዘይት ሊቀባ የሚገባው ነገር አለን፤ እምነታችን። ጸሎት፣ ቃሉ፣ የቅዱሳን ኅብረት እንደ ውርስ ዕቃ ተጠቅልለው የሚቀመጡ አይደሉም። በየዕለቱ ይውጡ፤ አየር ያግኙ፤ ይወልወሉ። ቂምን እየወለወልን እምነትን የምንጠቀልል ከሆነ ሣጥኖቻችን ተለዋውጠዋል።

ለማሰላሰል

1. በልቤ ውስጥ «ረስቼዋለሁ» የምለው፣ ግን ስሙ ሲነሣ የምነሣበት ሰው ማን ነው?

2. በየዓመቱ እያወጣሁ የምወለውለው ቃል የትኛው ነው? ለማን ለማን ነገርሁት?

3. ካስታረቅኋቸው ሰዎች መካከል በጨው ላይ ዘይት ያፈሰስሁባቸው አሉ? ተመልሼ ልጎበኛቸው እችላለሁ?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ የጠቀለልነውን አንተ ታያለህ። ለዓመታት የሸሸግነውን በፊትህ እንፈታዋለን። የበደለንን በስሙ እንጠራለን፤ በደላችንንም በስሙ እንጠራለን። በልጅህ ደም እጠበን፤ በመንፈስህ ዘይት ቅባን። ያልተነጋገሩ ወንድማማቾችን አነጋግር። በምድራችን ላይ ያለውን ብረት ሁሉ ማረሻ አድርገው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።